ሁለት ቤት ወደ አንድ ለጠቀለሉልን አናጢ ምስጋና

ስንጋባ አራት ኪሎና ካዛንቺስ የነበሩ የሁለት ቤቶቻችንን ዕቃ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ ውስጥ ላስገቡልን አናጢና ለሁለቱ ረዳቶቻቸው ምስጋናችን ከልብ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ጎጆ ለምትቀልሱ ሁሉ እንጠቁማቸዋለን።

ሥራቸው የሚጀምረው አይሱዙው ከመጠራቱ ቀናት ቀድሞ ነው። ሜትር ይዘው የአዲሱን ቤት በሮች፣ የደረጃውን መታጠፊያና የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ይለካሉ። ባለ 1.50 አልጋ ተዘርግቶ የቁም ሳጥኑ በር የሚከፈትበት ቦታ ካልተረፈ፣ አንዱ ዕቃ ከወዲሁ ይቀራል።

ዕቃ የሚለዩት ሁለቱም ተጋቢዎች ባሉበት ብቻ ነው። አንዱ «ይሸጥ» የሚለው ለሌላው የእናት ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጥንቃቄያቸውን በጣም ወደድነው። ከሁለት ፍሪጅ የቱ ይቅር? ወረቀት በሩ ላይ አድርገው ይዘጉና ይስቡታል፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል። ምጣዱን ደግሞ በጣት አንኳኩተው ያዳምጡታል። ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ይመረጣል፣ የታፈነ ድምፅ የሚያወጣው ስንጥቅ አለበት። ስፒናው የጠቆረም አይመረጥም። 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ስለሚጠጋ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ገመዱን ያቀልጣል፤ ከቦይለር ጋር አንድ ላይ ሲበራም ቆጣሪው ይወርዳል።

የሚሸጠውን በመጫኛው ቀን አትሽጡ ይላሉ። ቁራሌው መቸኮላችሁን ካየ ዋጋ ይሰብራል፤ ሳምንት ቀደም ማለት ይሻላል።

ቁም ሳጥን መፍታት ላይ ግን እንደሳቸው ያለ አላየንም። የእያንዳንዱን በር ብሎን በትንሽ ፌስታል ቋጥረው እዛው በሩ ላይ በፕላስተር ይለጥፋሉ፣ ማጠፊያዎቹን ቀኝና ግራ ብለው በጠመኔ ይጽፉባቸዋል። ቺፑድ አንዴ ከተፈታ ቀዳዳው ይሰፋና ብሎኑ አይነክስም። ብዙዎች ወፍራም ብሎን ያስገድዱበታል፤ ያኔ ጣውላው ይፈነዳል። እሳቸው ኮላ የተቀባ የክብሪት እንጨት ሞልተውበት ያሳድራሉ፣ በማግስቱ በእጅ ካቻቪቴ ያጠብቁታል። በትራፓኖ አይሞክሩትም።

ፍሪጅ ቆሞ ይሄዳል። ማጋደም ግድ ከሆነ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ስለሚሄድ፣ ቆሞ ለብዙ ሰዓት ካረፈ በኋላ ነው የሚሰካው። ምጣድ በጎኑ አይቆምም፤ በሸክላውና በክዳኑ መካከል የታጠፈ ጨርቅ ይገባል።

እሳቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የውኃ መስመር አይነኩም፤ ለዚያ ቧንቧ ሠራተኛ ፈልጉ። ከግቢ ዕቃ ማውጫ ወረቀት ቀድማችሁ ያዙ፣ ከጫኝና አውራጆችም ዋጋ አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ቅዳሜና እሁድ ስለሚያዙ ቀደም ብላችሁ ደውሉላቸው።