ባቢሌ ዝሆን ፍለጋ ሄደን ፋንድያ ማንበብ ተምረን መጣን

ባለፈው ቅዳሜ ከድሬዳዋ ተነስተን የአንድ ቀን የባቢሌ ጉዞ ሄደን ነበር። ጠዋት የዝሆን መጠለያ፣ ማታ ሐረር ላይ ጅብ ማየት። አራት ነን፤ እኔ፣ እህቴ፣ የአሥር ዓመት ልጇና አንድ የሥራ ባልደረባዬ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚለዋወጥ። ለአራት ስንካፈለው ግን አልከበደንም። አስጎብኚው ሐረር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ሳላስፈቅደው ስሙን እዚህ አላወጣም። ስለ ሥራው ግን በደንብ መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ አስጎብኚ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ሰው በኩል ሄጄ ነበር። ማን እንደሆነ አልጠራም። ዝሆን በእርግጠኝነት ታያላችሁ ብሎ ነው የወሰደን። ከሐረር የወጣነው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፤ እዚያ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ ከመንገድ እየወጣ፣ ቁጥቋጦውን እየጨፈለቀ ሁለት ሰዓት አንከራተተን። አንድም ነገር ሳናይ ተመለስን። ያኔ ያናደደኝ ዝሆን አለማየቴ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ግን ያ ሁሉ ሰዓት ስለ ዝሆን አንድ ነገር የነገረን ሰው አለመኖሩ ነው። ዝሆን በዚያ ሙቀት ጥላ ሥር ገብቶ ያርፋል። ይህን እንኳን አላሉንም።

የአሁኑ አስጎብኚ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሳቢያን ሰፈር ድረስ መኪና ልኬ አስወስዳችኋለሁ አለ። መኪናው የመጣው 10 ከ40 ላይ ነው፤ አንድ ነጥብ የምቀንሰው እዚህ ላይ ነው፣ ሕፃን ይዞ በሌሊት ደጅ መቆም ቀላል አይደለም። የደንገጎን ዳገት በጨለማ ወጣን። ሐረር ስንደርስ ገና ሊነጋጋ ነው። አስጎብኚው እዚያ ጠብቆን መኪናው ውስጥ ገባና ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀን ነገር፣ «ዝሆን በቀን ስንት ኪሎ የሚበላ ይመስላችኋል?» የሚል ነበር።

የእህቴ ልጅ «ሃያ» አለ። እህቴ «ሃምሳ» አለች።

አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ይበላል። አንድ ኩንታል ተኩል ማለት ነው። እህቴ ለዓመት የምትሸምተው ጤፍ ሁለት ኩንታል ስለሆነ ዝም ብላ ቆየች። ከመቶ ሊትር በላይ ውኃም ይጠጣል። ይህን ሁሉ ለማግኘት ከቀኑና ከሌሊቱ 16 ሰዓት ያህል ሲበላ ነው የሚያሳልፈው። የሚገርመው ደግሞ ከበላው ግማሹን እንኳን ሆዱ በወጉ አይፈጨውም። ከብት አመንዥኮ፣ መልሶ አላምጦ ነው የሚያልቅለት። ዝሆን አያመነዥክም። ቶሎ ያስገባል፣ ቶሎ ያስወጣል፣ ስለዚህ በብዛት መብላት አለበት። አስጎብኚው ይህን ያስረዳን የኤረርን ሸለቆ በመስኮት እያሳየን ነው፤ «አሁን ራሳችሁ አስቡት፣ እንዲህ የሚበላ እንስሳ የት ይኖራል?» አለን። መልሱ ከፊታችን ነበር። ዙሪያው ደረቅ፣ ሸለቆው ግን አረንጓዴ።

የባቢሌ መጠለያ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር። ኤረር፣ ጎበሌ፣ ዳካታና ፋፈን በውስጡ አልፈው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳሉ። ዝሆኖቹ በአብዛኛው በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ነው የሚመላለሱት፣ እንደየወቅቱ። ስሙን ሰምቶ ባቢሌ ከተማ ገብቶ ዝሆን የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ከተማው ሌላ፣ መጠለያው ሌላ። መኪናው የሆነ ቦታ ይቆማል፣ ከዚያ በእግር ነው፣ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ መጠለያው ጠባቂ፣ ደግሞ አይገባም።

ስካውቱ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። መሣሪያ ይዘዋል፣ ወሬ አያበዙም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ቆሙና በዱላቸው መሬቱን ነካ አደረጉ። ፋንድያ ነው። የልጅ ጭንቅላት የሚያክል፣ ሦስት አራት ቦታ የተከመረ። እኔ አልፌ ልሄድ ነበር። አስጎብኚው ግን ቁጭ ብሎ በእንጨት ፈለቀቀውና ልጁን አጠገቡ አስቀመጠው።

ይህን ነው የምወድለት። ከውስጡ የወጣው ነገር ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ የተቦጨቀ ሣር፣ የግራር ቅርፊት ጭረት፣ ምንም ያልሆነ የግራር ፍሬ። ፍሬውን መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየን። ከዝሆን ሆድ ወጥቶ አሁንም ይበቅላል፣ ማዳበሪያውን ይዞ ከእናት ዛፉ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የሚወድቀው። ጥቃቅን የበለስ ዘሮችም ነበሩበት። ፋንድያ የሚበሉት ጢንዚዛዎች ገና አልደረሱበትም። ጋሼ የእጃቸውን ጀርባ አስጠጉና «ሌሊት ነው፣ ሩቅ አልሄደም» አሉ። ውስጡ ለብ ይላል።

ትንሽ ወረድ ብሎ አሸዋው ላይ ዱካ አገኘን። የፊት እግሩ ክብ፣ የኋላው ሞላላ ነው። አስጎብኚው ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ የፊት እግሩን ዱካ ዙሪያውን ለካ፣ ከዚያ ሲባጎውን በሜትር ስንለካው አንድ ሜትር ከሃያ ሆነ። «እጥፍ አድርገው» አለው ልጁን። ሁለት ሜትር ከአርባ። የዝሆኑ ቁመት ከመሬት እስከ ትከሻው ይህን ያህል ነው ማለት ነው። የፊት እግር ዙሪያ በሁለት ሲባዛ የትከሻ ቁመትን ይጠጋል። የእህቴ ልጅ ይህን ከዚያ ቀን ወዲህ ለስንት ሰው እንዳወራ አልቆጥረውም።

በለሱ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። በእነዚህ ሸለቆዎች እሾሃማው በለስ በጣም ተስፋፍቷል፤ መጀመሪያ ከሜክሲኮ የመጣ ተክል ነው። የባቢሌ ዝሆኖች ይበሉታል። ፍሬውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሰፊውን ቅጠል ከነእሾሁ። ውኃ የያዘ ስለሆነ ለደረቅ ወቅት ይጠቅማቸዋል። በመንገዳችን ላይ ተገንጥሎ ግማሹ የቀረ የበለስ ግንድ አየን፤ የተገነጠለበት ገና እርጥብ ነበር። ከእሱ ሌላ ግራር፣ ሮቃ፣ ሣር፣ የዛፍ ቅርፊት ያገኙትን ይበላሉ። ዝሆን በዕድሜው ስድስት ዙር መንጋጋ ይለውጣል። የመጨረሻው አልቆ ማኘክ ሲያቅተው በረሃብ ይሞታል። ይህን ስሰማ ያ ሁሉ ቅርፊትና እሾህ ምን እንደሚያስከፍል ገባኝ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ጋሼ በድንገት ቆሙና እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው በሹክሹክታ «አርባ» አሉ።

ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። «አጎቴ፣ አርባ ዝሆን?» አለኝ። በኦሮምኛ ዝሆን አርባ ነው። የነበሩት ሰባት ናቸው።

ከሸለቆው ማዶ ነበሩ። በዓይን ግራጫ ድንጋይ ነው የሚመስሉት፤ በሩቅ መነጽር ግን ጆሮ ሲያራግቡ ይታያሉ። አንዷ እናት ትንሽ ግልገል አለቻት፣ ከእግሯ ሥር አይወጣም። ሌላው በለስ ላይ ነው። በኩምቢው ጠቅልሎ ይዞ ገነጠለ፣ ወደ አፉ ከተተ፣ ያኝካል፣ ያኝካል፣ ደግሞ ሌላ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን አየናቸው። ማንም አላወራም። ከዚያ ነፋሱ ዞረ፤ ጋሼ ትንሽ አፈር በትነው አዩና ተነሡ አሉን። ባልደረባዬ ጠጋ ብለን ፎቶ እናንሳ ሲል አስጎብኚው በትሕትና ግን ሳያወላውል እምቢ አለው። ሽታችን ከደረሳቸው ምግባቸውን ትተው ነው የሚሄዱት፣ እናትየዋ ደግሞ ግልገል ይዛለች። ለዚህ እምቢታው ብቻ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

ስንመለስ ሌላ ሌላውንም አሳየን። ጥንድ እንሹ አየን፣ ከፍየል ግልገል የማይበልጡ፣ ቅጠል እየመረጡ የሚነጩ፤ ከቅጠሉ እርጥበት ስለሚያገኙ ውኃ ሳይጠጡ መሰንበት ይችላሉ። ከርከሮ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር ሲግጥና ሥር ሲቆፍር አየን። ገደሉ ላይ ዝንጀሮዎች ነበሩ፤ ማታ ማታ ነብር እንዳይደርስባቸው ገደል ላይ ነው የሚያድሩት። አጋዘን ግን ዱካውን ብቻ ነው ያገኘነው። ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳም በዚህ አካባቢ አለ፤ እኛ አላየንም፣ አስጎብኚውም እናያለን ብሎ ተስፋ አልሰጠንም። አንበሳ ያለው የሚበላው ስላለ ነው፣ እንሹና አጋዘን ካለቁ እሱም ወደ ሰው ከብት ነው የሚዞረው።

አንድ ልቤን የነካኝ ነገር። ሸለቆው ውስጥ ማሽላና በቆሎ ተዘርቷል፣ ጫትም አለ። ከሰል የተከሰለበት ጥቁር መሬት አልፈናል። የተረገጠ የማሽላ ማሳ ዳር ቆመን አንድ ገበሬ ከጋሼ ጋር ብዙ ተነጋገሩ፤ ሌሊቱን ቆርቆሮ ሲመቱ ነው ያደሩት። ሰውየው ተናዷል፣ እውነት አለው፣ የልጆቹ ቀለብ ነው። ዝሆኑም ከድሮ ጀምሮ የሚያልፍበት መንገድ ነው። አስጎብኚው ገበሬውን ሳይወቅስ፣ ዝሆኑንም ጥፋተኛ ሳያደርግ ነው ያስረዳን። ከከፈልነው ገንዘብ የተወሰነው ለአካባቢው ሰው ቢደርስ ጥሩ ነበር ብዬ ጠየቅኩት፤ አንድ የመንደሩን ልጅ በመንገድ መሪነት እየከፈለ እንደሚያሠራ ነገረኝ። ያ ልጅ አብሮን ነበር፣ ዱካውን መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።

ምሳ ባቢሌ ከተማ ነው የበላነው። ምሳው ደካማ ነው፤ ቀዝቃዛ ሩዝ በጉዞው ዋጋ ውስጥ ተካቷል ብሎ ማቅረብ አያስፈልግም፣ ብታውቁ ቋጥራችሁ ሂዱ። ውኃም ለአራት ሰው ስድስት ትንንሽ ፕላስቲክ ብቻ ነው የያዙት፣ አይበቃም። ለውዙን ግን ግዙ። ገና ትኩስ ነበር።

ማታ ሐረር ገባን። ፈላና በር አጠገብ ጅብ የሚያበሉበት ቦታ ወሰደን። ይህን የድሬ ሰው ሁሉ አይቶታል ብዬ ብዙም አልጓጓሁም ነበር። ግን አስጎብኚው እዚያም ከምግቡ ጀመረ። የጅብ ኩስ ለምን ነጭ እንደሆነ ጠየቀን። አጥንት ስለሚበላ ነው፤ መንጋጋው ይሰብረዋል፣ ሆዱ ያሟሟዋል፣ የቀረው ኖራ መስሎ ይወጣል። ጅብ ጥንብ ብቻ ነው የሚበላው የሚለውም ትክክል አይደለም፤ ዱር ባለበት ራሱ አድኖ ነው የሚበላው፣ አንበሳም ብዙ ጊዜ ይነጥቀዋል። እዚህ ግን ከሰው ጋር ስለሚኖር የሰውን ትራፊ ይበላል። ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ ከከተማ ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን ይዞራሉ። የእኛ ጾም ጅብ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። ሐረር ደግሞ በአሹራ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ያቀርቡለታል፣ በአበላሉም ዓመቱን ይተነብያሉ። የጀጎል ግንብ ላይ ያሉትን የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች በእጅ ባትሪ አሳየን። የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲያይ፣ ከማዶ ሁለት ዓይን አብርቶ ቆሞ ነበር። እህቴ የልጁን ልብስ ጠርዝ ያዘች፣ ግን አልጎተተችውም።

የጅቡ ክፍል ትንሽ ተጣደፈ፣ ሹፌሩ ደንገጎን በጣም ሳይመሽ ልውረድ ስላለ። ሁለት ቀን አድርጎ ሐረር ማደር ይሻላል። ጫማችሁ የተሸፈነ ይሁን፣ የበለስ እሾህ ሳንዳል አይምርም። ደማቅ ልብስ አትልበሱ፣ ሽቶም አትቀቡ። ሕፃን ከሰባት ዓመት በታች ከሆነ የእግር ጉዞው ይከብደዋል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፤ የጎደለው አንዱ የሰዓቱና የምሳው ነው።

ለጥር ከጎበሌ በኩል እንድንገባ ከአስጎብኚው ጋር ተነጋግረናል። የእህቴ ልጅ የራሱን ሲባጎ ገዝቶ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጧል።