«ይሄን አታሠሩት» ላሉን ባለሙያ ምስጋና፣ ግዳይ ለማሠራት ለምታስቡም ጥቆማ

እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። የታደነ እንስሳን ቆዳና ራስ አዘጋጅተው፣ በሕይወት እንዳለ አስመስለው የሚያቆሙ ባለሙያ፣ ታክሲደርሚስት ናቸው። የማመሰግናቸው ግን ስለሠሩልን ብቻ ሳይሆን አልሠራም ስላሉንም ነው። ከወሰድንላቸው አምስት ግዳዮች ሁለቱን ተቀበሉ፣ የአንዱን የራስ ቅሉን ብቻ እንድናስቀር መከሩን፣ የቀሩትን ሁለት «ገንዘባችሁን አታባክኑ» ብለው መለሱልን። በእጁ የገባ ሥራ የሚመልስ ባለሙያ ስንቶቻችሁ አይታችኋል?

ከእሳቸው በፊት የሄድንበት ቤት ምንም አልመለሰም። ያመጣነውን ሁሉ ተቀበለ፣ ቀብዱንም ተቀበለ፣ ጥያቄ ግን አንድም አልነበረውም። መቼ ወደቀ፣ ስንት ሰዓት ሳይገፈፍ ቆየ፣ ጨው መቼ ነካው፣ ምንም። ከብዙ ወራት ምልልስ በኋላ የተረከብነው ራስ ጆሮው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማድዷል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ከንፈሩ ሲደርቅ ሸሽቶ ክፍተት ትቷል፣ ጉንጩ ላይ የረገፈው ጸጉር በሙጫ ተለጥፏል። አቤት ስንል «ቆዳው ነው» አሉን። እርግጥ ቆዳው ነበር። ታዲያ የቆዳውን መበላሸት ሥራው ሳይጀመር ማየት የማን ድርሻ ነበር? ስም አልጠራም፣ ይብቃኝ።

ጋሼ የአጋዘኑን ቆዳ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ቀንዱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። የሁላችንም ዓይን ቀንዱ ላይ ነው፤ እሳቸው ከጆሮው ሥር ጀመሩ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣታቸው ትንሽ ጸጉር ቆንጥረው ቀስ አድርገው ሳቡ። ከዚያ የዓይኑን ቆብ ዙሪያ፣ ከዚያ የከንፈሩን ዳር፣ ከዚያ ብብቱን። ብብቱ ላይ ጸጉሩ ሲነሣ «ይሄ ችግር የለውም፣ ይሸፈናል» አሉ። ጉንጩ ላይ ሲደርሱ ግን ከጸጉሩ ጋር ስስ እርጥብ ሽፋን ተልጦ ጣታቸው ላይ ቀረ። እሱን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «ልጄ፣ ፊት ላይ መደበቂያ የለም» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ቀንዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያ ቆዳ በማንም እጅ ፊት አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንስሳው ከወደቀባት ደቂቃ ጀምሮ ባክቴሪያ ቆዳው ላይ ይሠራል። ሙቀት፣ እርጥበትና ደም ሲያገኝ የላይኛውን ስስ የቆዳ ሽፋን ከሥሩ ያላቅቃል፤ ጸጉሩም አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚለቀው ሥጋና የማይገለጥ እጥፋት ባለበት ነው፤ ጆሮ፣ ከንፈር፣ የዓይን ቆብ፣ አፍንጫ፣ ሆድ። አንዴ የለቀቀውን የትኛውም ኬሚካል አይመልሰውም። ማልፋት ያለውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አያመጣም። ስለዚህ አንድ ግዳይ ለማሠራት ይበቃል አይበቃም የሚለው ነገር ባለሙያው ጋ ሳይሆን ሜዳው ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይወሰናል።

ብዙ ሰው ምርጫውን በቀንድ ርዝመት ያደርጋል። መመዝገብና ማሠራት ለየብቻ መታየት አለባቸው። ለምሳሌ የአደን ግዳይ ክብረ ወሰን በሚመዘግበው በአሜሪካው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ አሠራር የሚለካ ቀንድ 60 ቀን በክፍል አየር ደርቆ ነው የሚለካው፤ ቀንዱ በየዓመቱ የሚረግፍ እንስሳ (የእኛ አጋዘን ከእነዚህ አይደለም) ቅል ደግሞ ከመሃል ከተሰነጠቀ አይቀበሉትም። መለኪያው የቆዳውን ጉዳይ ከነጭራሹ አይጠይቅም። ጋሼ የሚጠይቁት ሌላ ነው። ወንዱ ጎልማሳ ወይም አሮጌ ነው? አንገቱ ሞልቷል? ጸጉሩ የወቅቱን ሙሉ ልብስ ለብሷል ወይስ እየቀየረ ነው? እከክ ወይም መዥገር ያላጨው ቦታ አለ? ጸጉሩን እየቀየረ ያለ እንስሳ ሲሠራ ዕድሜ ልኩን የተበላ ምንጣፍ መስሎ ይኖራል። በአንጻሩ የአሮጌ ወንድ የተሸረፈ ቀንድ ጫፍና በጠብ የተቀደደ ጆሮ እሳቸው ዘንድ ጉድለት አይባልም፤ እንዲያውም እንዳይጠገን ይመክራሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ጆሮው ተሰፍቶ ከተስተካከለ ያን እንስሳ ከሌላው የሚለየው ምልክት ይጠፋል።

ጥይት የት ገባ የሚለውም ይወስናል። ትከሻ ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ጸጉሩ ይሸፍነዋል። ፊት ላይ የወጣ ጥይት ግን ቆዳውንም ቅሉንም አንድ ላይ ይወስዳል። ከሁሉ የበለጠ የሚያበሳጨው ደግሞ አጭር ተቆርጦ የሚመጣ ቆዳ ነው። ራስና ትከሻ ለማሠራት የታሰበ እንስሳ ጉሮሮው በምንም ምክንያት አይቆረጥም። ቆዳው የሚቆረጠው ከፊት እግሮች በስተኋላ፣ ደረቱን ዞሮ፣ ከትከሻው ቢያንስ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ተትቶ ነው። መሰንጠቂያው በአንገቱ ጀርባ ሽቅብ ይወጣና ቀንዶቹ ጋ ለሁለት ይከፈላል። የተረፈውን ባለሙያው ቆርጦ ይጥላል፤ የጎደለውን ግን ከየት ያመጣል?

የጨውን ነገር ጋሼ እንዴት እንዳሳዩን ልጻፈው፤ ስንት ቆዳ የሚድነው እዚህ ላይ ነውና። ጨው ሥጋና ስብ አልፎ አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ቆዳው ነጭ እስኪሆን ይፋቃል። ጆሮው ከውስጥ ከለምለም አጥንቱ ተላቆ እንደ ካልሲ እስከ ጫፉ ይገለበጣል። ከንፈሩ ከውስጥ በኩል ተሰንጥቆ ይከፈታል፣ አፍንጫውም እንዲሁ። ከዚያ አዮዲን ያልገባበት የደቀቀ ጨው፣ ከቆዳው ክብደት ባላነሰ መጠን፣ በእጅ እየታሸ እያንዳንዱ እጥፋትና ዳር ድረስ ይገባል። ትልልቁ የድንጋይ ጨው እኩል አይነካም፣ በመሃሉ ያልተነካ ቦታ ይተዋል። ቆዳው ውሃው እንዲወርድ ዘንበል ባለ ነገር ላይ ያድራል። በ24 ሰዓቱ የረጠበው ጨው ይራገፋል፣ አዲስ ይታሻል። ከዚያ በጥላ፣ ነፋስ ባለበት ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ይበሰብሳል። ላስቲክ ውስጥ የተቋጠረ ትኩስ ቆዳማ ቶሎ እንዲበላሽ እንደ ማዘዝ ነው። ጨው በእጅ ከሌለና ማቀዝቀዣ ቅርብ ከሆነ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘ በኋላ ጠቅልሎ አየር እንዳይገባው አድርጎ በበረዶ ማስቀመጥ ይቻላል። እሱም ቢሆን ለዓመታት አይደለም፤ ጆሮና አፍንጫ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ በቀስ ይደርቃሉ፣ ከዚያ በኋላ አይለሰልሱም።

ቆዳው ካልበቃስ? ጋሼ «ጣሉት» አላሉንም። ያንን አጋዘን የራስ ቅሉንና ቀንዱን ብቻ አስቀሩልን፤ ዛሬ ከተሠሩት ከሁለቱ ይልቅ የምወደው እሱን ነው። ከቆዳው ይልቅ ቀንዱ ለሚናገር እንስሳ ይሄ የተሻለ ምርጫ ነው። ቦታ አይፈጅም፣ ብል የሚበላው ጸጉር የለውም። ሥራው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የአጋዘን፣ የሳላና የድኩላ ቀንድ በአጥንት እምብርት ላይ የተጫነ ሽፋን ነው። ለቀናት በውሃ ከተነከረ ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ውስጡ ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ይህ ካልተደረገ እምብርቱ ውስጥ ይሸታል፣ ትል ይገባበታል። ቅሉ በሚንፈቀፈቅ ውሃ ሳይሆን ለመፍላት ሲል በሚቆም ውሃ ነው የሚበስለው፤ በጣም ከፈላ ስቡ አጥንቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ የአፍንጫው ስስ አጥንት ይረግፋል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው እስኪጠራ ለሳምንታት ስቡ ይወጣል። ማንጫው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፤ ቀንዱን ግን እንዳይነካው። በረኪና በፍጹም! ለጊዜው ያነጣዋል፣ ቆይቶ አጥንቱ ቢጫ ይሆንና እንደ ኖራ ይፈረፈራል።

ወፍ የምታመጡ ከሆነ መጀመሪያ ላባውን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። ገና ያልተከፈተ የላባ ቡቃያ ከበዛ ወፉ ላባ እየቀየረ ነውና አይሠራም። ደህና ከሆነ ሆዱን ሳትከፍቱ፣ ላባውን አስተካክላችሁ፣ ራሱን ከክንፉ ሥር አድርጋችሁ አቀዝቅዙት።

የወረቀት ነገር ሌላው የወደድኩላቸው ጠባይ ነው። ፈቃድ የሌለው ቆዳ በራቸውን አያልፍም። ጠረፍ የሚሻገር ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አለ። ነብር ጥብቅ ቁጥጥር ባለበት የስምምነቱ ዝርዝር፣ በአባሪ 1 ውስጥ ስለሆነ ያለ ላኪና ያለ ተቀባይ አገር ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ወረቀቱ ያልተሟላን ግዳይ ማሠራት ጉምሩክ ላይ ለሚቀር ነገር መልፋት ነው።

ከአባት ከአያት የወረሳችሁትን አሮጌ ራስ ለማሳደስ ካሰባችሁ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ አቧራውን አታራግፉ። ድሮ ቆዳ ከብል የሚጠበቀው በአርሰኒክ ነበር፣ መርዙ እስከ ዛሬ ጸጉሩ ላይ አለ። ጋሼ አንድ እንዲህ ያለ ራስ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረጉት ልጆቹን ከክፍሉ ማስወጣት ነው።

እሳቸው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ግድግዳችሁን ለኩ። የትልቅ አጋዘን ራስና ትከሻ ከግድግዳው ብዙ ይወጣል፣ ቀንዱ ደግሞ ጣሪያ ይፈልጋል። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ጸጉሩን ያደበዝዘዋል፤ ጭስና እንፋሎት ያለበት ቦታ ስፌቱን ያላቅቃል። ከቆዳው ጋር ሦስት ልኮች ይዛችሁ ሂዱ። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ዓይን የፊት ማዕዘን፣ ከተገፈፈ በኋላ የአንገቱን ዙሪያ ከጆሮው ሥር፣ የአንገቱን ዙሪያ ከመሃሉ። ቆዳው የሚለብሰውን የፎም ቅርጽ የሚመርጡት በእነዚህ ነው። ልኩ ከሌለ ወይ ቆዳው አይደርስም ወይ ይጨማደዳል። እንስሳው እንደወደቀ ፊቱን ከጎንና ከፊት ያነሣችሁት ፎቶ ካለም ይዛችሁ ሂዱ፤ ጋሼ ዓይኑን የሚያስተካክሉት ፎቶውን አጠገባቸው ለጥፈው ነው።

ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ እልካለሁ። ከአደን በፊት ደውሉላቸው እንጂ ከአደን በኋላ አይደለም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ የአጋዘኑ ቅል ሳሎኑ ውስጥ ከተሰቀለ ወዲህ አንድም ነቁጥ አልወጣበትም።