የተጠመደ ወይስ የእርባታ? የአኳሪየም ዓሣ ለምትገዙ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ሰዎች

ቆሮሶና አምባዛ ስንገዛ መቼ እንደ ወጣ እንጠይቃለን። ለአኳሪየም የሚሆነውን ስንገዛ ግን ቀለሙን አይተን እንከፍላለን፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከወንዝና ከሐይቅ ወገን የሆኑት አብዛኞቹ የእርባታ ናቸው። ጎልድፊሽን ቻይናዎች ካላመዱት ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጉፒና ኒዮን ቴትራም በብዛት ከእስያ እርባታ ይመጣሉ። ገንዳ ውስጥ ስለተወለዱ ደረቅ መኖ ይበላሉ፤ ክሎሪኑ የወጣለትን የቧንቧ ውኃም ይለምዳሉ። ጉድለታቸው ዘመድ ከዘመድ እየተዳቀለ ዘራቸው መድከሙ ነው።

የተጠመደው ደግሞ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ መኖም ይመርጣል። ታዲያ የተጠመደ ሁሉ ነውር ነው? እዚህ ላይ ከብዙዎች እለያለሁ። ካርዲናል ቴትራ ብራዚል ውስጥ፣ ባርሴሎስ በምትባል ከተማ ዙሪያ፣ ከሪዮ ኔግሮ ወንዝ በእጅ መረብ ይያዛል። ቶሎ ይራባል፤ ጎርፉ ሲሸሽ ሜዳ ላይ የሚቀረው ለማንኛውም ያልቃል። አጥማጁም ከዓሣው እንጀራ ካገኘ ደን የሚመነጥርበት ምክንያት ይቀንሳል። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚያሰግር ሰው ይህ አይጠፋውም።

የባሕር ዓሣ ሌላ ነው። አብዛኛው ከኮራል (ድንጋይ ከሚመስሉ የባሕር እንስሳት) መካከል የተጠመደ ነው። ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ረጭቶ፣ ዓሣውን አደንዝዞ መያዝ በሕግ ቢከለከልም አልጠፋም፤ መርዙ ኮራሉንም ይገድላል። ባንጋይ ካርዲናልፊሽ የሚገኘው ኢንዶኔዥያ ውስጥ በጥቂት ደሴቶች ዙሪያ ነው፤ ለዚሁ ንግድ ተጠምዶ ተጠምዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ገባ። የሚያናድደው፣ ገንዳ ውስጥ መራባት የሚችል መሆኑ ነው። ክላውንፊሽም እንዲሁ። የባሕር ዓሣ ካማራችሁ ከእነዚህ አትለፉ፤ ያውም ሻጩ የእርባታ መሆናቸውን ካረጋገጠላችሁ።

«ከጣናስ ለምን አናወጣም?» የሚልም አይጠፋም። የጣና ቢልጫ ዓይነቶች አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም፤ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ በመረብ እየታፈሱ ተመናምነዋል። ደግሞም አድገው ገንዳው አይበቃቸውም። የሰለቻችሁን ዓሣም ጣና አትልቀቁ፤ እምቦጩ ይበቃዋል።

ለባሕር ዳር የእርባታ ጉፒ ከማሞቂያ ጋር እመርጣለሁ፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን ነው። ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሚበዛ፣ ያለ ማሞቂያ የሚኖረውን ጎልድፊሽ ግዙ፤ ገንዳው ግን ሰፊ ይሁን።