ለቤት ቨርቹዋል ማሽን ኔትወርክ፦ ኤንኤቲ፣ ብሪጅድ ወይስ ዕቃ መግዛት?

ቨርቹዋል ማሽን (ላፕቶፓችሁ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር) ጭናችሁ ስትከፍቱት የዋይፋይ ምልክት የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና የዩኤስቢ ዋይፋይ ሊገዛ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ይሄዳል። አትሂዱ። ላፕቶፑ በዋይፋይ ቢገናኝም ማሽኑ የሚያየው በኬብል እንደተገናኘ ካርድ ነው። ብራውዘር ክፈቱና ሞክሩት፣ ኢንተርኔት አለ።

ይህን የሚያደርገው ቨርቹዋልቦክስ (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደው ፕሮግራም) በራሱ የሚመርጠው ኤንኤቲ የሚባል የኔትወርክ አሠራር ነው። ማሽኑ ብዙ ጊዜ 10.0.2.15 የሚል አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ያገኛል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ግን በላፕቶፑ አይፒ ነው። ራውተሩ ማሽኑ መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ በቤት ዋይፋይም፣ በስልክ ሆትስፖትም፣ ከዚራ ካፌ ቁጭ ብላችሁም ይሠራል። (በሆትስፖት ከሆነ የማሽኑን አፕዴት አጥፉ፤ ፓኬጁን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል።) ጉድለቱ፣ ከውጭ ወደ ማሽኑ መግባት አይቻልም። ለኤስኤስኤች (ማሽኑን ከሌላ ኮምፒውተር በትእዛዝ ለመቆጣጠር) ብቻ ከሆነ ፖርት ፎርዋርዲንግ በሚለው ቅንብር የላፕቶፑን ፖርት 2222 ወደ ማሽኑ 22 አዙሩ። የሆስት አይፒ በሚለው ቦታ 127.0.0.1 ጻፉ፤ ባዶ ከተዋችሁት እዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰውም ሊሞክረው ይችላል።

ብሪጅድ ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ቤት ውስጥ እንዳለ ተጨማሪ ኮምፒውተር ይሆንና አይፒውን ከራውተሩ ይቀበላል። የሠራችሁትን ዌብሳይት በስልካችሁ ለማየት ይሄን የሚያህል የለም፣ በኬብል ከሆነ። በዋይፋይ ግን ዕድል ነው። ዋይፋይ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ካርድ አንድ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ብቻ ነው የሚቀበለው። ቨርቹዋልቦክስ አድራሻውን ተክቶ ለማሳለፍ ይሞክራል፤ አንዳንዱ ካርድ እሺ ይላል፣ አንዳንዱ እምቢ። ዊንዶውስ የጫናችሁበት ማሽን 169.254 ብሎ የሚጀምር አይፒ ካሳያችሁ እምቢ ብሏል ማለት ነው።

ሆስት-ኦንሊ ላፕቶፑንና ማሽኑን ብቻ ያገናኛል፤ ኢንተርኔት የለውም። እኔ ግን ከኤንኤቲ ጋር ሁለተኛ አዳፕተር አድርጌ ነው የማስገባው። ከቤት ዋይፋይ ወደ ሆትስፖት ስቀያየር የማሽኑ አድራሻ አይናወጥም።

በቨርቹዋልቦክስ ፋንታ የሚያገለግለው ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮም ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ነው፤ ሦስቱንም አሠራር ይሠራል። በኔትወርክ በኩል ሁለቱን ፕሮግራሞች የሚለያቸው ይህን ያህል የለም። የማይክሮሶፍቱ ተመሳሳይ ፕሮግራም ሃይፐር-ቪ ግን ከዊንዶውስ ሆም ጋር አይመጣም።

እንግዲህ ብሪጅድ የግድ ካስፈለጋችሁ መጀመሪያ ኬብል ግዙ። ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ለቤት ካት 6 አያስፈልግም። ላፕቶፑ የኬብል መሰኪያ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ላን የሚቀይር አዳፕተር ይጨመራል። የዩኤስቢ 2 ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋቢት ነው፤ የቤት ፓኬጃችሁ ከዚያ በታች ከሆነ ይበቃል። ትልልቅ ፋይል ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጡ ከሆነ ግን የዩኤስቢ 3ቱን ውሰዱ፤ የራውተራችሁ መሰኪያም ጊጋቢት መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። የአዳፕተሩ የዩኤስቢ መሰኪያ ሰማያዊ ነው ብላችሁ አትመኑ። ሱቁ ውስጥ ጊጋቢት ራውተር ላይ አሰኩትና በዊንዶውስ ሴቲንግ የሊንክ ፍጥነቱን ተመልከቱ፤ 1000 ካላለ መልሱለት።

የዩኤስቢ ዋይፋዩስ? ካሊ ሊኑክስ (ለደኅንነት ፍተሻ የተዘጋጀ ሲስተም) ላይ የዋይፋይ ደኅንነት ለሚማር ብቻ። እሱም ሞኒተር ሞድ (በአካባቢው የሚያልፈውን የዋይፋይ መልእክት ማዳመጥ) የሚደግፍ ቺፕ ያለው መሆኑን አረጋግጦ ይግዛ።