ለበጎ አድራጎት ክበቡ ልጆችና ለቲቸራቸው፦ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ ያለውን የሰፈራችንን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማመስገን ነው። በተለይ ደግሞ የበጎ አድራጎት ክበቡን ልጆችና የሚያስተባብሯቸውን የባዮሎጂ መምህርት። ስሜ አይጠራ ስላሉ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው ቲቸር እያልኩ እቀጥላለሁ። የሰፈሩ ሰው ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ልጆቹ ገንዘብ ያሰባሰቡት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ላለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ነው። ይህን ሥራ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲጀምሩት ልጆቹ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ነበር የሚላኩት። ማዕከሉ በ2001 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ሕክምናው እዚሁ አገር ውስጥ ይሰጣል፤ ለዚያውም በነጻ። ወረፋው ግን ረጅም ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጉት አላቂ ዕቃዎች ከውጭ ስለሚመጡ ምንዛሪ ይጠይቃሉ። አንድ ሕፃን ተራው እስኪደርስ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል።

ቲቸር ወላጆችን ሲሰበስቡን ስለ ገንዘብ አልጀመሩም። ስለ ቶንሲል ነው የጀመሩት። አንዲት ተማሪ በትልቅ ወረቀት ላይ የልብን አራት ክፍሎች ስላ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ቲቸር በስክሪብቷቸው ጫፍ እያሳዩ አስረዱን። ጉሮሮን የሚያሳምም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አለ። በወቅቱ ካልታከመ የልጁ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ሲል የገዛ ልቡን ሊያጠቃ ይችላል። ይህ ሲደጋገም የልብ በሮች ይጠባሳሉ። በደንብ አይከፈቱም፣ ወይም በደንብ አይዘጉም። በፔኒሲሊን መቆም የሚችል ነገር ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉበት ግን ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት «እኔ እኮ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጥቼ ነበር የምተወው» አሉ። ቲቸር ቆጣ ሳይሉ «ሁሉም የጉሮሮ ሕመም እንዲህ አይደለም፤ ትኩሳት ካለው ግን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» ብለው መለሱላቸው። ያን ቀን አንድ ብር ባይሰበሰብ እንኳ ስብሰባው ለብዙ ቤት ጠቅሟል።

ቅዳሜ ዕለት ግቢው ሞቅ ብሎ ነበር የዋለው። እናቶች ቡና አፈሉ፤ ድፎ ተቆረሰ፤ ቆሎ ተሸጠ። ወንዶቹ ልጆች ሱሪያቸውን ጠቅልለው መኪና ያጥባሉ። ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው የሰፈራችን ልጅ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን ስትፈልጉ እሱን ጥሩት፤ በሰዓቱ ይመጣል፣ ዕቃውም ንጹሕ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን የገንዘቡ አያያዝ ነው። የዕድር ሒሳብ ያዥ ስለሆንኩ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሰፈራችን ሣጥን ይዞ የመጣ ብዙ ሰው አይቷል። ገንዘቡ የት እንደገባ ሳንሰማ የቀረንበት ጊዜም አለ። ሰው ኪሱ ከመግባቱ በፊት የሚያመነታው ወዶ አይደለም።

እነዚህ ልጆች ሣጥኑን በሁለት ቁልፍ ቆለፉት። አንዱ ቁልፍ በቲቸር እጅ፣ ሌላው በወላጅ ተወካይ እጅ ነበር። የአምስት ብር ቆሎ ለገዛ ሳይቀር ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ማታ ላይ ሣጥኑ ሁላችንም ፊት ተከፈተ። ሁለት ልጆች ብሩን በየዓይነቱ ይደረድራሉ። ሦስተኛዋ ድምር ትይዛለች። ቲቸር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ከማየት በቀር አንዲት ብር አልነኩም። የደረሰኙና የገንዘቡ ድምር አልገጥም ሲል ልጅቷ እንደገና ከመጀመሪያው አስቆጠረች። ሁለት የአሥር ብር ኖቶች ተጣብቀው ተገኙ። በቴሌብር የተላከው ለብቻው ተጻፈ። ሰኞ ገንዘቡ በቀጥታ ማዕከሉ ሒሳብ ውስጥ ገባ፤ የባንኩ ወረቀት ኮፒም ከነድምሩ፣ እስከ ሳንቲሙ፣ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እኛ ትልልቆቹ በዕድር እንዲህ ብንሠራ ስንት ጭቅጭቅ በቀረልን ነበር!

ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ልጆቼ፣ እደጉ፣ ተመንደጉ።

ሌላ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት ወይም ዕድር እንዲህ ያለ ነገር ሊጀምር ካሰበ እነዚህን ልጆች ያማክራቸው። የደረሰኙንም የመዝገቡንም አሠራር ለማሳየት አይሰስቱም። ቀጥሎ የሚያዘጋጁት ያገለገሉ መጻሕፍት ሽያጭ ነው፤ ገቢውም ለዚያው ለማዕከሉ ነው። ቤታችሁ አንብባችሁ የጨረሳችሁት መጽሐፍ ካለ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ መስጠት ትችላላችሁ። ላዩ ላይ «ለክበቡ» ብላችሁ ጻፉበት።