የሙዚቃ ፕሮሞሽን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዘፈናችሁን በራሳችሁ ገንዘብ የሠራችሁ፣ አሁን ደግሞ እንዴት ሰው ጆሮ እንደሚደርስ የጨነቃችሁ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በተለይ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላንና አቃቂ አካባቢ ላላችሁ። እኔን ውል ያስፈረመኝ ፕሮሞተር ነኝ ባይ ደንበኛ የሚፈልገው እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። ከእኔ በኋላም ሁለት ልጆች አነጋግሯል።

45 ሺህ ብር ከፍዬ «የ100 ሺህ እይታ ፓኬጅ» ገዛሁ። ብሩ ቀረ። ብሩን ሠርቼ እተካዋለሁ። ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ከብሩ ጋር የፈረምኩት ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ቀን ቀን ቃሊቲ የዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ክራር እጫወታለሁ። ዘፈኑን የቀዳሁት ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ነው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ። ስንት ሌሊት መሃል ላይ መብራት እየሄደ እንደገና ጀምሬያለሁ። ግጥሙም ዜማውም የራሴ ነው፣ ቅኝቱ ባቲ። ለቅንብርና ለሚክሲንግ ከፈልኩ፣ ክሊፑን ጓደኛዬ በስልኩ ቀረጸልኝ፣ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት። በሁለት ወር 1,140 እይታ አገኘ።

ያኔ ነው ሰውዬው በቴሌግራም የጻፈልኝ። «አርቲስት፣ ሥራህን ደጋግሜ ሰማሁት። የጎደለህ ፕሮሞሽን ብቻ ነው» አለኝ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ካፌ ተገናኘን። ላፕቶፑን ከፍቶ ሚሊዮን የተመለከታቸውን ክሊፖች አሳየኝ፣ ሁሉንም እኔ ነኝ ያስተዋወቅኳቸው አለኝ። በ30 ቀን 100 ሺህ እይታ፣ 1,000 ሰብስክራይበር፣ 4,000 የእይታ ሰዓት፣ በተጨማሪም ስፖቲፋይ ላይ 20 ፕሌይሊስት (የተመረጡ ዘፈኖች ዝርዝር) ውስጥ መግባት። «ከዚያ በኋላ ዩቲዩብ ራሱ ይከፍልሃል» አለ።

ለምን አመንኩት? ከሚናገረው ውስጥ እውነት ስለነበረ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል በእርግጥ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ መወደዱም እውነት ነው። አብዛኞቻችን ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የለንም፣ እሱ አለኝ አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው እጅ የሚጥለን አንዱ ይሄ ነው፤ ማስታወቂያውን ራሳችን ገዝተን ማየት ስለማንችል በመሃል የገባውን ሰው ቃል ይዘን እንቀመጣለን። ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። በቴሌብር ወደ ግል ስልኩ ላክሁለት፣ ደረሰኝ አልጠየቅሁም።

በዘጠኝ ቀን 61 ሺህ እይታ ደረሰ። እናቴ እልል አለች። የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ጋበዙኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ እይታው እንዲህ እየጋለበ ከማላውቀው ሰው አንድ የአማርኛ አስተያየት እንኳ አልመጣም። የዩቲዩብ ስቱዲዮን ትንታኔ ከፈትኩ። የዘፈኑ ርዝመት 4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው፣ ተመልካቹ በአማካይ የቆየው 19 ሰከንድ። አድማጮቹ የመጡባቸውን አገሮች ሳይ ደግሞ የእኛ ሰው በብዛት ያለባቸው አሜሪካ፣ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ ከታች ናቸው፤ አገር ቤት እንኳ አራተኛ ነው። የባቲን ቅኝት ሰምተው የማያውቁ አገሮች ናቸው የእኔን ዘፈን 19 ሰከንድ 19 ሰከንድ «የሰሙት»። ቦት ነው፤ ሰው ሳይሆን በኮምፒውተር የሚነዳ የውሸት ተመልካች። በሦስተኛው ሳምንት ዩቲዩብ ቁጥሩን አጠራው፣ ወደ 3 ሺህ ወረደ። የተገዛ እይታና ሰብስክራይበር በዩቲዩብ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ሲደረስበት ይቀነሳል፣ ከበረታም ቻናሉን ለአደጋ ይዳርጋል። ስልክ ስደውልለት «ሲስተሙ ነው፣ ይመለሳል» አለኝ።

ማወቅ ያለባችሁ ሌላም አለ። እሱ ከቦት ይልቅ እውነተኛ የጎግል ማስታወቂያ ገዝቶልኝ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ በማስታወቂያ የመጣ የእይታ ሰዓት ከ4,000ው ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ «በፕሮሞሽን 4,000 ሰዓት እሞላልሃለሁ» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ይዋሻል።

የስፖቲፋዩ ከዚህ የባሰ ነው። ስፖቲፋይ ራሱ የሚያዘጋጃቸው ፕሌይሊስቶች አይሸጡም። ዘፈኑ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን ቀድማችሁ በአርቲስት አካውንታችሁ በኩል ታቀርባላችሁ፣ በነፃ፤ ይመረጣል ወይም አይመረጥም። «ገንዘብ ከከፈልክ አስገባሃለሁ» የሚባለው የግለሰቦች ፕሌይሊስት ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በቦት የሚንቀሳቀስ። አንድ ዘፈን ተሰማ የሚባለው ከ30 ሰከንድ በላይ ሲደመጥ ነው፤ ከ2016 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በ12 ወር ቢያንስ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ሮያሊቲ አያስገኝም። የውሸት አድማጭ ሲበዛ ስፖቲፋይ ዲስትሪቢዩተሩን፣ ማለትም ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይ የሚያደርሰውን ድርጅት፣ ይቀጣል፤ ዲስትሪቢዩተሩ ደግሞ ዘፈኑን ሊያወርደው ይችላል። ስፖቲፋይ ላይ የነበረው የኔም ዘፈን ወረደ። ዘፈኑን እንደገና ስጭን ከአድማጮቼ የቀሩትን ጥቂት እውነተኛ ሰዎች ፈልጌ እንደ አዲስ ሊንክ መላክ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ፤ እባካችሁ እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ካፌው ውስጥ ብሩን ከላክሁ በኋላ ነው ያወጣው። «ፎርማሊቲ ነው፣ ለአንተም ዋስትና ነው» አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ እይታና ስለ ቀናት ነው፣ አነበብኩት። ሁለተኛውን ገጽ ቡናዬ እየቀዘቀዘ፣ እሱ እየተጣደፈ፣ በዓይኔ ብቻ አለፍኩት። አንቀጽ 6 «አርቲስቱ በሥራው ላይ ያለውን ማንኛውንም የዲጂታል መብት ለ10 ዓመት ለፕሮሞተሩ ብቻ አስተላልፏል» ይላል። አንቀጽ 7 ከሚገኘው ገቢ 70 በመቶው የፕሮሞተሩ ነው ይላል። አንቀጽ 9 ቀጣይ ሥራዎቼን በቅድሚያ ለእሱ እንዳቀርብ ያስገድደኛል። ውሉን ካፈረስኩ 300 ሺህ ብር መቀጫ። እኔ ከፋይ ነኝ፣ መብቴንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንድም ቦታ ላይ እሱ 100 ሺህ እይታውን ካላመጣ ምን እንደሚሆን አልተጻፈም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የራሴ ክሊፕ ላይ የቅጂ መብት ጥያቄ መጣ። ሰውዬው ዘፈኔን በራሱ የዲስትሪቢዩተር አካውንት እንደገና ጭኖ፣ አዲስ የዘፈን መለያ ኮድ አስወጥቶበት፣ ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ በሚለው ሥርዓት ውስጥ አስገብቶታል። ያ ሥርዓት ድምፁን በራሱ ያውቀዋል፤ ማንም ሲጭነው፣ እኔም ብሆን፣ ማስታወቂያ እየተለጠፈበት ገቢው ለጠያቂው ይሄዳል። ቻናሌ ገና ገቢ የማያገኝ መሆኑ አያድነኝም። ተቃውሞ አቀረብኩ። ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። በ26ኛው ቀን ውድቅ አደረገብኝ፣ ያችን ሁለተኛ ገጽ ደግሞ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ይግባኝ ብል 7 ቀን ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ቪዲዮው ይውረድልኝ ብሎ መደበኛ ጥያቄ ካቀረበ ቻናሌ ላይ ቅጣት ይመዘገባል። በ90 ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ቅጣት ሦስት ጊዜ ከመጣ ቻናሉ ይዘጋል። በራሴ ድምፅ፣ በራሴ ክራር።

አንድ ጠበቃ ወረቀቱን አየልኝ። ከነገረኝ ውስጥ ለሁላችሁም የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው የእናንተ የሚሆነው በሠራችሁት ቅጽበት ነው፣ ማስመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አንድ ዘፈን ውስጥ የግጥሙና የዜማው ደራሲ፣ አዋጁ «ከዋኝ» የሚለው ድምፃዊው፣ የቅጂው ፕሮዲዩሰርም እያንዳንዳቸው መብት አላቸው። እኔ ሦስቱንም ነበርኩ፣ ሦስቱንም በአንድ ፊርማ ሰጠሁ። የኢኮኖሚ መብት ቢተላለፍም ስማችሁ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብታችሁ አብሮ አይሄድም። መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 ደግሞ ሕግ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል በሁለት ምስክሮች ካልተረጋገጠ አይጸናም። የእኛ ወረቀት ላይ ምስክር የለም። ጠበቃው በዚህ ሊሞግት ይፈልጋል፤ ሌላ የተያዘልን ተስፋ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ለዩልኝ። ዘፈን የሚያስተዋውቅ ሰው የእጅ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ክሊፕ የሚቀርጸው ልጅ፣ ፖስተር የሚያትመው ሰው ሥራውን ሠርቶ ዋጋውን ይወስዳል እንጂ ዘፈኑን አይወስድም። ፕሮሞተር ሆኖ «መብት»፣ «ብቸኛ»፣ «ማስተላለፍ»፣ «ቀጣይ ሥራዎች» የሚሉ ቃላት ውሉ ውስጥ ካስገባ፣ የምትነጋገሩት ስለ ፕሮሞሽን አይደለም። መብት የሚገዛ አሳታሚ ሊኖር ይችላል፣ ያ ግን ለእናንተ ገንዘብ ይከፍላችኋል። ከፍላችሁም መብት ሰጥታችሁም አይሆንም። ወረቀቱን ቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ለታላቅ ወንድም፣ ለእህት፣ ለጎረቤት መምህር አስነብቡ። ቤት መውሰድ የለብህም የሚል ሰው ካለ ተነሥታችሁ ውጡ።

የይለፍ ቃላችሁንም ለማንም አትስጡ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ለሌላ ሰው የተወሰነ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ቁጥሩን ብቻ እንዲያይ «ተመልካች» ማድረግ ይበቃል። ዘፈናችሁን ወደ ስፖቲፋይና አፕል ሙዚክ የሚያደርሰውን የዲስትሪቢዩተር አካውንት በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ። እንደ ዲስትሮኪድ ያሉት በዓመት ከ20 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ነው የሚያስከፍሉት፣ ሲዲ ቤቢ ደግሞ አንድ ጊዜ አስከፍሎ ከገቢው 9 በመቶ ይወስዳል። ዘመድ ወይም ጓደኛ ውጭ አገር ካለ በካርዱ ይክፈልላችሁ፣ አካውንቱ ግን በስማችሁ ይሁን። ኢስርክ የሚባለውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የዘፈን ኮድ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ዲስትሪቢዩተር ብትቀይሩ ያንኑ ኮድ ስትጠቀሙ የተደመጠበት ቁጥር ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። ያልተቀነባበረውን የድምፅ ፋይልና የመጀመሪያውን የስልክ ቅጂ አታጥፉ። እኔ ዛሬ የያዝኩት ማስረጃ እሱ ነው፤ ዜማውን እያንጎራጎርኩ የቀዳሁት፣ ጀርባው ላይ ዝናብ የሚሰማበት።

ያለ እሱ የሠራልኝ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ቀላል ነገር ነው። የዘፈኑን አዝማች 20 ሰከንድ ቆርጬ ክራሩን ስመታ ስልኬን በቁመቱ አድርጌ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁ። ርዕሱን በግዕዝ ፊደልም በላቲን ፊደልም ጻፍኩ፤ ውጭ አገር ያደጉት ልጆቻችን የሚፈልጉት በላቲን ነው። ግጥሙን ሙሉውን ከክሊፑ ሥር አስቀመጥኩ። የሰርግ ደንበኞቼ ያሉበት የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። ከዚህ የመጡት 800 ሰዎች ናቸው፣ ከእነርሱ ውስጥ ሦስቱ ለሰርግ ጠሩኝ። የሚቀጥለውን ዘፈን ለእንቁጣጣሽ አደርሳለሁ፤ በዐቢይ ጾም አካባቢ አዲስ ዘፈን ማውጣት ለእኛ አድማጭ ወቅቱ አይደለም።

ከአንድ ሰው ጋር እንዲህ ዓይነት ባለ ሁለት ገጽ ውል የፈረማችሁ ካላችሁ፣ አንቀጽ 6ን ፎቶ አንሡና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሦስት አራት ሆነን አንድ ጠበቃ ብንይዝ ወጪው ይቀላል፣ ሰውዬውም ስንቱን እንደፈራረመ ይታያል። ገና ያልፈረማችሁም ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ እሁድ ከሰዓት ሰርግ ከሌለኝ ቤት ነኝ፣ አብረን እናነበዋለን።