ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አቅራቢያ ያለ አንድ ጁስ ቤት

የዚህ ቤት አቮካዶና ማንጎ ስፕሪስ የሚመሰገን ነው፤ ፍሬው የበሰለ፣ ብርጭቆው የጸዳ፣ አስተናጋጆቹም ትሁታን ናቸው። ቅሬታዬ ስኳሩ ላይ ነው፤ «ያለ ስኳር» ተብሎ ካልታዘዘ በቀር በሾርባ ማንኪያ ሙሉ እየተዛቀ ይጨመርበታል።

በፈተና ሰሞን ደግሞ ተማሪው እስከ እኩለ ሌሊት የሚያዘው ኮላና ኃይል ሰጪ መጠጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢቻል ከ25 ግራም ገደማ ስኳር እንዳይበልጥ ሲመክር፣ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻውን 35 ግራም ያህል ይይዛል። በ250 ሚሊ ሊትር ኃይል ሰጪ መጠጥ ውስጥ በተለምዶ የሚገኘው 80 ሚሊ ግራም ካፌይንም ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ከሰውነት ስለማይወጣ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የጠጣ ተማሪ እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም። እንቅልፍ ማጣት ጭንቀትን ያባብሳል፤ ካፌይን የሚያመጣው የልብ ምት መፍጠንና የእጅ መንቀጥቀጥም ራሱ ጭንቀት ይመስላል። እርግጥ የተጨነቀ ሰውም ጣፋጭ ይፈልጋልና፣ ጥፋቱን ሁሉ በጠርሙሱ ላይ መጫን አይገባም።

ዋጋው ለተማሪ ኪስ የሚከብድ አይደለም። ቤቱ ስኳሩን ለብቻው ቢያቀርብና ማታ ማታ የዝንጅብል ሻይ ቢጨምር ግን ይበልጥ እመርጠው ነበር።